አሮጌ ሁሉ ብርቅ አይደለም፦ የቪክቶሪያ ዘመን ባለሥዕል የተረት መጻሕፍትን ስለመሰብሰብ

ለንደን ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት የአሮጌ ዕቃ ገበያ ወጣ ያለ ሰው ይህን ሳያይ አይመለስም። መሬት ላይ የተቀመጠ ካርቶን፣ ካርቶኑ ውስጥ የታጨቁ አሮጌ መጻሕፍት፣ ከመሃላቸው ደግሞ በወርቅ ያጌጠ አንድ ጀርባ ብቅ ብሎ። ሻጩ «ቪክቶሪያን ነው፣ የመጀመሪያ እትም!» ይላችኋል። እኔም ከዓመታት በፊት እንዲሁ ተብዬ አንድ ሰማያዊ መጽሐፍ ገዛሁ። አንድሩ ላንግ ያሰናዳው «ሰማያዊው የተረት መጽሐፍ» ነው። ዋጋው ቀላል አልነበረም። ግን የጨርቅ ሽፋኑ ላይ ያለው ወርቅ ዓይኔን ያዘውና ከፈልኩ።

ቤት ገብቼ፣ ሻይ ቀድቼ፣ ተረጋግቼ ስከፍተው ከርዕሱ ገጽ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የኅትመቱ ታሪክ ተደርድሯል። መጀመሪያ የታተመው 1889 ይላል፤ ከዚያ ድጋሚ፣ ከዚያ አሁንም ድጋሚ እያለ ይወርዳል። የእኔው ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። መጽሐፉ አሮጌ ነው፣ ቆንጆም ነው። ብርቅ ግን አይደለም። እኔ ደግሞ የብርቅ ዋጋ ነው የከፈልኩት።

በጣም ተናደድኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ መማር ጀመርኩ። ዛሬ የምጽፈው ያን ቀን ከመክፈሌ በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ የምለውን ነው። ነገሩ ሲጠቀለል አንድ ነው፦ የመጽሐፍ ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ዋጋ የሚሆነው የትኛው ኅትመት እንደሆነ፣ እንዴት እንደታተመና ምን ሳይጎድልበት እዚህ እንደደረሰ ነው። ሦስቱንም መጽሐፉ ራሱ ይናገራል፣ ለሚያይ ሰው።

መጀመሪያ ዘመኑን እናጥራ። የቪክቶሪያ ዘመን የሚባለው ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝን የገዛችበት፣ ከ1837 እስከ 1901 ያለው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ገበያ ላይ ግን ወርቅ የተቀባና ተረት ያለበት ነገር ሁሉ «ቪክቶሪያን» ይባላል። ለምሳሌ አርተር ራክሃምን ውሰዱ። ሥዕሎቹ ያስደንቃሉ፣ ስሙም ትልቅ ነው። ነገር ግን ዝነኛ ያደረጉት ባለቀለም መጻሕፍት የወጡት ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ነው። 40 ባለቀለም ሥዕሎች ያሉት የግሪም ተረቶች እትም የ1909 ነው። ያ ሌላ ዓለም ነው፤ ቀለሙ የሚታተምበት መንገድም ሌላ፣ ዋጋውም ሌላ። የላንግን መጻሕፍት እንኳ ብናይ 12 ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ቀለም ስም የተጠሩ፤ ሰማያዊው 1889 ወጣ፣ የመጨረሻው የሊላክ ቀለሙ 1910። በጥብቅ ከቆጠርን ንግሥቲቱ በሕይወት እያለች የወጡት ስድስቱ ብቻ ናቸው፦ ሰማያዊው፣ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ሮዙና ግራጫው።

ተረት ስንል ደግሞ ሰፊ ነው። እኛ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን የምንቀበለው ዓይነት ሁሉ ይገባበታል። የግድ ክንፍ ያላት ትንሽ ፍጥረት መኖር የለባትም። የጀርመኖቹ የግሪም ወንድማማቾች ስብስብ፣ የፈረንሳዩ የፔሮ፣ የዴንማርኩ የአንደርሰን፣ ከዚያም የእንግሊዝ ደራሲዎች ከራሳቸው አንጎል ያወጧቸው፣ ሁሉም አንድ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጡት።

በዚያ አገር ተረት ለልጅ መስጠት ሁልጊዜ እንደ መልካም ነገር አይታይም ነበር። ለልጅ የሚያስፈልገው ምክርና ግብረ ገብ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው 1823 ለንደን ላይ የታተመው የግሪም ተረቶች ትርጉም ነው። ተርጓሚው ኤድጋር ቴይለር፣ ሠዓሊው ጆርጅ ክሩክሻንክ። ሁለተኛው ቅጽ 1826 ተከተለ። ይህ ከቪክቶሪያ በፊት ነው፣ ግን ያለሱ የሚመጣው ሁሉ አይገባም። 1846 የአንደርሰን ተረቶች በእንግሊዝኛ መታተም ጀመሩ። 1861 በወረቀት ላይ ይጣል የነበረው ቀረጥ ተነሳ፣ መጽሐፍም ረከሰ። 1870 የትምህርት ሕግ ወጣ፣ የሚያነብ ልጅ በዛ። ባቡሩም መጽሐፉን አገር ምድሩን ያዳርሰው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ክሩክሻንክ በወጣትነቱ ጠጪ ነበር፤ 1847 ላይ መጠጥን እርግፍ አድርጎ ተወ። ተወና ደግሞ ሰባኪ ሆነ። 1853 ሥዕሉም ጽሑፉም የራሱ የሆነ የተረት ተከታታይ ማሳተም ሲጀምር ተረቶቹን እንዳሉ አልተዋቸውም፣ የመጠጥን ጉዳት እያስገባ ጻፋቸው። የቀድሞ ወዳጁ፣ ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ፣ ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። በዚያው ዓመት በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ ተረትን የራስ አቋም መስበኪያ ማድረግ ነውር ነው ብሎ ጻፈ። ክሩክሻንክ ሰማው? በፍጹም። በሚቀጥለው ዓመት ባወጣው ሲንደሬላ ንጉሡ ለሠርጉ ድግስ የወይን ምንጭ ሊያስፈስስ ሲያስብ ክርስትና እናቷ ትከለክለዋለች፤ በመጨረሻ በአካባቢው ያለ መጠጥ ሁሉ ተሰብስቦ በሠርጉ ሌሊት ደመራ ይሆናል። ከተከታታዩ የመጨረሻው 1864 ወጣ። እኔ ከዲከንስ ጋር ነኝ። ሥዕሎቹ ግን፣ የክሩክሻንክ እጅ ምን ይወጣለታል? ጽሑፉን ዘላችሁ ሥዕሉን ብቻ ብታዩ ይበቃችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ ሥዕሉ እንዴት ወረቀቱ ላይ እንደወጣ። ይህ ያልገባው ሰው የዘመኑን ኅትመት በኋላ ተመስሎ ከታተመው መለየት አይችልም።

በዚያ ዘመን ለአብዛኛው ባለሥዕል መጽሐፍ የሚያገለግለው እንጨት ነበር፣ ቦክስዉድ የሚባል። በጣም ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ስለሆነ እንጨቱ ጥቅጥቅ ያለና ጠንካራ ነው። ግንዱ ግን ቀጭን ነው። ስለዚህ ለትልቅ ሥዕል ትንንሽ ቁራጮችን በብሎን እያያያዙ አንድ ሰሌዳ ያደርጉታል። ሠዓሊው ሥዕሉን እንጨቱ ላይ ተገልብጦ ይስለዋል፣ ሲታተም እንዲቃና። ከዚያ ቀራጩ ይረከባል። ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበትን ሁሉ በሹል መሣሪያ ፈልፍሎ ያወጣዋል፣ መስመሩ ብቻ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ቀለም የሚነካውም ያንን ነው። እስቲ አስቡት፣ ሠዓሊው በእርሳስ ሸርተት አድርጎ ያለፈውን ጥላ ቀራጩ በአንድ አንድ መስመር፣ በመስመሩ ግራና ቀኝ እየፈለፈለ ነው የሚያወጣው። አንዳንዴ ሥዕሉ ጥግ ላይ ከሠዓሊው ስም ሌላ ሁለተኛ ስም ታያላችሁ። የቀራጩ ነው። «ዳልዚል» የሚለውን ካያችሁ በዘመኑ ከታወቁት የቀራጭ ቤቶች የአንዱ፣ የዳልዚል ወንድማማቾች፣ ሥራ ነው ማለት ነው።

ቀለሙስ? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባለቀለም የሚባለው መጽሐፍ ጥቁሩ ከታተመ በኋላ በእጅ በብሩሽ የተቀባ ነበር። ከዚያ ኤድመንድ ኢቫንስ መጣ። 1826 የተወለደ የለንደን ቀራጭና አታሚ ነው። ዘዴው ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱን እንጨት መቅረጽ ነው። መጀመሪያ የጥቁሩን መስመር እንጨት ያትማል። ያንን ሠዓሊው በውሃ ቀለም በእጁ ይቀባዋል። ኢቫንስ ይቀበልና ይህን ሁሉ ቀለም በስንት ጥቂት እንጨት ማውጣት እችላለሁ ብሎ ያሰላል። ቢጫው ላይ ሰማያዊውን ቢያሳልፍበት አረንጓዴ ያገኛል፤ አንድ እንጨት ተረፈ ማለት ነው። እንጨቶቹ በተራ በተራ በአንዱ ወረቀት ላይ ያልፋሉ። አንዷ እንኳ ለጥቂት ብትንሸራተት ልጅቷ ጉንጭ ላይ መሆን ያለበት ቅላት ጆሮዋ ላይ ያርፋል።

ከኢቫንስ ጋር የሠሩት ሦስት ሠዓሊዎች ስም አብሮ ይጠራል፦ ዋልተር ክሬን፣ ራንዶልፍ ካልዲኮትና ኬት ግሪናዌይ። ለተረት ሰብሳቢ ዋናው ክሬን ነው። በ13 ዓመቱ አንድ የእንጨት ቀራጭ ዘንድ ሙያ እንዲማር ገብቶ ስለነበር እንጨት ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ከልጅነቱ ያውቃል። ከ1865 እስከ 1876 ሩትሌጅ ለሚባለው አሳታሚ በርካታ ስስ የልጆች መጻሕፍት ሠራ። ብዙዎቹ ዋጋቸው ስድስት ፔንስ ነበር፣ ማለትም ግማሽ ሺሊንግ።

ከእነዚህ አንዱ፣ 1874 የወጣው «የእንቁራሪቱ ልዑል»፣ ቅጂው አንድ ጊዜ እጄ ገብቶ ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል በማጉያ መነጽር ሳየው ዋልኩ ብል አታምኑኝም። በዓይን ስታዩት ወለሉ፣ ልብሱ፣ ግድግዳው ሁሉ ሙሉ ቀለም ነው። መነጽሩን ስታስጠጉ ግን የሳሳው ቀለም ወደ መስመር ይለወጣል፤ ጎን ለጎን የተጠጋጉ፣ በሰው እጅ የተቆረጡ ደቃቅ መስመሮች። የጥቁሩ መስመር ጠርዝ ጥርት ያለ ነው። ወረቀቱን ገልብጣችሁ በጣታችሁ ዳበስ ብታደርጉት አንዳንዱ ቦታ ላይ እንጨቱ ተጭኖ ያለፈበት ይሰማችኋል።

ይህ መነጽር የሚባል ነገር ርካሽ ነው፣ ግዙት። በድንጋይ ላይ ተስሎ በቀለም የሚታተም ሌላም ዘዴ ነበር፤ በእሱ የታተመው በመነጽር ሲታይ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፣ ነጠብጣቡ ሥርዓት የለውም። የዘመናችን ኅትመት ደግሞ ወዲያው ይጋለጣል። የሰማያዊ፣ የሮዝ፣ የቢጫና የጥቁር ነጥቦች እንደ ትንንሽ አበባ በሥርዓት ተደርድረው ታያላችሁ። እነዚያን ነጥቦች ካያችሁ፣ ሽፋኑ የፈለገውን ያህል ያረጀ ቢመስል የቪክቶሪያ ዘመን ኅትመት አይደለም። መጽሐፉን መልሳችሁ አስቀምጡት።

ኢቫንስ ከሠራቸው ሁሉ እኔ የምሳሳለት ግን የሠዓሊው የሪቻርድ ዶይል «በተረት ምድር» የሚለው ትልቅ መጽሐፍ ነው። ርዕሱ ላይ 1870 ይላል። 16 ባለቀለም ቅጠሎች፣ ማለትም የሥዕል ሉሆች፣ አሉት። ከወፍ ጋር የሚሟገቱ፣ ቀንድ አውጣ የሚጋልቡ፣ እንጉዳይ ሥር የሚተኙ ጥቃቅን ፍጥረታት። ሥዕሎቹ የተሠሩት ለአንድ ታሪክ አልነበረም፤ አብሯቸው የወጣው የዊልያም አሊንግሃም ግጥም ነው። 1884 ላይ ላንግ ሥዕሎቹን ወስዶ፣ ቅደም ተከተላቸውን ቀይሮ፣ ለእነሱ የሚስማማ አዲስ ተረት ጻፈላቸው። በተለምዶ ሠዓሊ ነው ጽሑፍን የሚከተል፤ እዚህ ጋ ጽሑፉ ሥዕልን ተከተለ። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ማየት የቻለ ሰው ዕድለኛ ነው።

እሺ፣ ታዲያ ብርቅ የሚሆነው የትኛው ነው? መልሱ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ውዱ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ ርካሹ ያልቃል። የላንግ ሰማያዊ መጽሐፍ የመጀመሪያ እትሙ 5,000 ቅጂ ነበር፣ ዋጋው 6 ሺሊንግ። ለዚያ ጊዜ ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ጠንካራ የጨርቅ ሽፋን አለው፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ በበዓል ቀን ይወርዳል። የክሬን የስድስት ፔንሷ መጽሐፍ ግን ስስ የወረቀት ሽፋን ያላት ጥቂት ቅጠል ናት። ልጅ እጅ ትገባለች። ልጅ ይጎትታታል፣ ያኝካታል፣ ይቀባባታል፣ በመቀስ ይቆርጣታል። ሺዎች ታትመው ሙሉ ሆነው የቀሩት ግን ጥቂት ናቸው። አሳታሚዎቹም ይህን ያውቁ ስለነበር ገጾቹ በጨርቅ ላይ የተለጠፉ፣ የማይቀደዱ ቅጂዎችን በአንድ ሺሊንግ ይሸጡ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ለጦርነቱ ወረቀት ይሰበሰብ ስለነበር ስንቱ አሮጌ መጽሐፍ ተፈጭቶ ቀረ። ዛሬ የምናገኛት እያንዳንዷ ስስ መጽሐፍ ከዚህ ሁሉ ያመለጠች ናት። እኔን የሚይዘኝ ይኸው ነው።

ብዛት ብቻውን ደግሞ አያታልላችሁ። የግሪናዌይ የመጀመሪያ መጽሐፍ 1879 ሲወጣ ኢቫንስ 20,000 ቅጂ አተመ። አሳታሚው አበዛኸው ብሎት ነበር፤ ግን ሁለተኛው ኅትመት ሳይደርስ አለቀ። በኋላ 70,000 ተጨመረ። እንግዲህ «የመጀመሪያው» እና «የሁለተኛው» ለዓይን አንድ ዓይነት ናቸው፣ ለሰብሳቢ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንዳንዴ ብርቅነት የሚመጣው ከስህተት ነው። የሉዊስ ካሮል «አሊስ» 1865 በኦክስፎርድ 2,000 ቅጂ ታተመ። ሠዓሊው ጆን ተኒየል አየውና የሥዕሎቼ ኅትመት ተበላሽቷል አለ። ካሮልም ተስማማ፤ መጽሐፉ ተሰበሰበ። ለወዳጆቹ የሰጣቸውን ሳይቀር መልሱልኝ ብሎ ጠየቀ፣ የተመለሱትንም ለሕፃናት ሆስፒታሎች ሰጠ። ያልተጠረዙት ቅጠሎች ኒው ዮርክ ላለ አሳታሚ ተሸጡ። እንግሊዝ ውስጥ እንደገና የታተመው በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢወጣም ርዕሱ ላይ 1866 ይላል። ከተሰበሰበው ኅትመት ዛሬ መኖራቸው የሚታወቀው ሃያ ምናምን ብቻ ናቸው። አስቡት፣ ሠዓሊው «ተበላሸ» ያለው ነው ዛሬ በዓለም ላይ ከሚፈለጉት የልጆች መጻሕፍት ግንባር ቀደም የሆነው።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ሁለት ነጥብ ነው፣ በቃ ሁለት ነጥብ። ቅድም ያነሳሁት የ1823ቱ የክሩክሻንክ መጽሐፍ የርዕስ ገጹ ላይ ተረት ማለት የሆነው የጀርመንኛ ቃል አለ። ቃሉ ከአንዱ ፊደሉ በላይ ሁለት ነጥብ ሊኖረው ይገባል። መጀመሪያ በወጡት ቅጂዎች ላይ ነጥቦቹ ተረስተዋል፣ በኋላ ተጨመሩ። ነጥብ የሌለው ይበልጣል። እንዲህ ዓይነቱን መለያ የሚያውቅ ሻጭ ዋጋውን ያውቃል፤ የማያውቅ ሻጭ ካጋጠማችሁ ደግሞ ቀኑ የእናንተ ነው።

ሆን ተብሎ በጥቂቱ የሚታተምም አለ። የኦስካር ዋይልድ «ደስተኛው ልዑል» 1888 ሲወጣ መደበኛው 1,000 ቅጂ ነበር፤ ከዚያ ሌላ በትልቅ ወረቀት ታትመው ዋይልድ የፈረመባቸው 75 ነበሩ። ሥዕሉን የሠሩት ክሬንና ጃኮምብ ሁድ ናቸው። ሁለተኛው የዋይልድ ተረት መጽሐፍ 1891 ወጣ፤ በውስጡ ያሉት የቻርልስ ሻነን ሙሉ ገጽ ሥዕሎች ፈዘዝ ያሉ ናቸው። ይህን ልንገራችሁ፣ ጊዜ አይደለም ያፈዘዛቸው፣ ከመጀመሪያውም ኅትመቱ በደንብ አልወጣም። ሻጭ «ፀሐይ መትቶት ነው፣ እቀንስላችኋለሁ» ካላችሁ መጽሐፉን አያውቀውም ማለት ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ማወቅ ራሱ ሥራ ነው። ብዙዎቹ ስስ መጻሕፍት ላይ ዓመት የሚባል ነገር አልተጻፈም። ያኔ የአሳታሚውን ስም በደንብ አንብቡ። ሩትሌጅን እንውሰድ። ከ1858 እስከ 1865 ድረስ ስሙ «ሩትሌጅ፣ ዎርን እና ሩትሌጅ» ነበር። 1865 ዎርን ተለይቶ የራሱን ድርጅት አቋቋመ፣ የቀረው «ጆርጅ ሩትሌጅና ልጆቹ» ሆነ። ስለዚህ «ልጆቹ» የሚል ካያችሁ መጽሐፉ ከ1865 ወዲህ ነው፣ ሻጩ ምንም ቢምል። ከመጨረሻ ገጽ በኋላ ያለውን ማስታወቂያም እዩ፤ 1880 የወጣ መጽሐፍ የሚያስተዋውቅ ከሆነ መጽሐፋችሁ የ1874 ቅጂ ሊሆን አይችልም። ልጅ የጻፈችው ስምና የገና ስጦታ ቀን፣ ትምህርት ቤት ለጎበዝ ተማሪ የለጠፈው የሽልማት ወረቀት፣ እነዚህ ሁሉ ምስክር ናቸው። አንዳንድ ሰብሳቢ ንጹሕ ገጽ ይሻላል ብሎ አይወዳቸውም። እኔ እወዳቸዋለሁ።

ቀጥሎ ቁጠሩ። ይህን በገንዘቤ ነው የተማርኩት። አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ካንድ ሻጭ ያዘዝኩት መጽሐፍ «ሙሉ ነው» ተብሎ መጣ። ሽፋኑ ልቅም ያለ ነው። የሥዕሎቹን ዝርዝር ከፍቼ ገጽ በገጽ ስቆጥር አንዷ ጠፋች። ቦታዋን ሳይ፣ መስፊያው ጋ ጥፍር የምታህል የወረቀት ጠርዝ ቀርታለች፤ ቀጥ ብላ በምላጭ የተቆረጠች። ሥዕሏ ተፈልጋ ተወስዳለች ማለት ነው፣ ምናልባትም አንድ ቦታ ግድግዳ ላይ በፍሬም ተሰቅላለች። ሥዕሏ የጠፋችበት መጽሐፍና ሙሉው በዋጋ ሰማይና ምድር ናቸው። ሻጩ መልሶ ሊወስድልኝም አልፈለገም። እንግዲህ ከመግዛታችሁ በፊት የሥዕል ዝርዝሩን ፎቶና የእያንዳንዱን ሥዕል ፎቶ ጠይቁ። አይሰለቻችሁ።

ቅጠል የሚወድቅበት ሌላም ምክንያት አለ። በዘመኑ የሥዕል መጻሕፍትን በክር ከመስፋት ይልቅ ጀርባቸውን በጎማ ሙጫ ማጣበቅ የተለመደ ነበር። ጎማው ከዓመታት በኋላ ይደርቅና ይፈረፈራል፣ ቅጠሎቹም አንድ በአንድ ይለቃሉ። እንዲህ ያለውን ስታገኙ በፕላስተር አትለጥፉት፣ እባካችሁ። ፕላስተሩ ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል፣ ሲላጥም ሥዕሉን ይዞት ይሄዳል። ለባለሙያ ስጡ፣ ካልሆነም በአቃፊ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት ገጽ ብዙ ታያላችሁ። ከእርጥበትና ከወረቀቱ ከራሱ የሚመጣ ነው። ከዘመኑ አጋማሽ ወዲህ ወረቀት ከእንጨትና ከሣር መሠራት ስለጀመረ አንዳንዱ ራሱን በራሱ እየበላ ነው። የእኛ የብራና መጻሕፍት ይህ ችግር የለባቸውም፤ ለዚህ ነው ከእነሱ ብዙ ዕድሜ ያለው ብራና ጠንክሮ የሚታየው። ሽፋኑም ላይ ልዩነት አለ። በእኛ አገር ደጓሹ የጋለ ብረቱን በቆዳው ላይ አንድ በአንድ ነው የሚያሳርፈው፣ ስለዚህ ሁለት ድጉስ አይመሳሰሉም። የቪክቶሪያ ዘመን የጨርቅ ሽፋን ላይ ያለው ወርቅ ግን በማሽን አንድ ጊዜ ተጭኖ የወጣ ነው፣ ሺው ቅጂ ሁሉ አንድ ነው። ስለዚህም ኦርጅናል ሽፋኑ እንዳለ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። በኋላ በሚያምር ቆዳ የተጠረዘ መጽሐፍ ዓይን ይስባል፣ ግን ያ ጨርቅ የኅትመቱ አካል ነበር፤ ሲወገድ ምስክሩ አብሮ ይሄዳል።

አረንጓዴ ሽፋን ላይ ቆም በሉ። በተለይ ከ1840ዎቹ እስከ 1860ዎቹ በወጡ መጻሕፍት ላይ ያለው ደማቅ፣ የሚያበራ አረንጓዴ ጨርቅ አንዳንዱ የተቀባው ከመዳብና ከአርሴኒክ በተሠራ ቀለም ነው። አርሴኒክ መርዝ ነው። አሜሪካ ዴላዌር ውስጥ ያለው የዊንተርቱር ሙዚየም ከ2019 ጀምሮ ከዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ጋር እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን እያጠና ነው። 2024 ላይ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም አራት መጻሕፍትን ከመደርደሪያ አንስቷል። አረንጓዴ ሁሉ መርዝ ነው እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ከጠረጠራችሁ በጓንት ያዙ፣ በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት አስቀምጡት፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ገጽ ለመግለጥ ጣታችሁን አትላሱ፣ ልጅ አጠገብ አይድረስ። የልጆች መጽሐፍ ስለሆነ ለልጅ እሰጣለሁ ማለት እዚህ ጋ አይሠራም።

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፣ ጠባብ ምርጫ ግን ያስፈልጋል። «ሁሉንም ተረት» ብላችሁ ከገባችሁ ገንዘቡም ቦታውም አይበቃም። አንድ ሠዓሊ ምረጡ፣ ወይም አንድ ተረት። ሲንደሬላን ብቻ በተለያዩ ሠዓሊዎች የሚሰበስብ ሰው ስድሳ ዓመት የኅትመት ታሪክ በአንድ መደርደሪያ ላይ ያያል። የላንግን የኋላ ድጋሚ ኅትመቶች በተመጣጣኝ ዋጋ ታገኛላችሁ፤ ያው የሄንሪ ጀስቲስ ፎርድ ሥዕሎች ናቸው ያሉባቸው። ይህን ስል አንድ ስም ልጨምር፦ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የላንግ ነው፣ አብዛኛውን የትርጉም ሥራ የሠሩት ግን ሚስቱ ሊኦኖራ ብላንሽ አሌይንና ሌሎች ሴቶች ናቸው። እሱም በመቅድሞቹ ላይ ምስጋናውን ጽፏል። መቅድም ዝም ብላችሁ አትዝለሉ።

ከመግዛት በፊት ማየት ይቅደም። ኦክስፎርድ ውስጥ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት የአዮናና የፒተር ኦፒ ስብስብ አለ፣ 20,000 ያህል የልጆች መጻሕፍት። ቶሮንቶ የምትኖሩ ደግሞ በከተማችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ኤድጋር ኦስቦርን የሚባል እንግሊዛዊ 1949 የሰጠው 2,000 ያህል መጽሐፍ መነሻ የሆነው የኦስቦርን ስብስብ አላችሁ። አዲስ አበባም ሆነ ሪያድ ያለ ሰው በስልኩ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲን የባልድዊን ስብስብ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ገጽ በገጽ በነጻ ማየት ይችላል። እኔ የምገዛውን መጽሐፍ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ፈልጌ ሥዕሎቹን እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ነው ወደ ሻጩ የምሄደው። ለንደን ያላችሁ ሴሲል ኮርት የምትባለውን አጭር መንገድ አንድ ቀን ተዘዋወሩባት፤ ግራና ቀኟ የአሮጌ መጽሐፍ ሱቅ ነው። እጃችሁ ንጹሕ መሆኑን አሳይታችሁ «ልየው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሻጮች ማስረዳት ይወዳሉ፣ ላለመግዛት የመጣ ሰው ቢሆንም።

ያ ሰማያዊ መጽሐፌ አሁንም አለ። ውድ ከሆኑት ጋር ሳጥን ውስጥ አላስገባሁትም፣ ሳሎን ዝቅተኛው መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። ማታ ማታ ልጄ ጎትታ ታወርደውና የፎርድን ሥዕሎች እየጠቆመች ታስነብበኛለች። ባለፈው ሳምንት አላዲን ያለበትን ገጽ ስገልጥ መሃሉ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ አገኘሁ። አራግፌ፣ ካቆምንበት ቀጠልኩላት።